ጠመንጃቸውን ያልፈለጉት ሽማግሌ

ቱርሚ ገበያ በቆመበት ቀን፣ ጠመንጃ ለማስመዝገብ ከተሰለፉት ሰዎች መካከል አየኋቸው። ቀጭን የሐመር ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ ክላሻቸውን በኩራት አንግተዋል፤ እሳቸው ግን አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍተው ከሰውነታቸው አርቀው ይዘውታል። ተራቸው ሲደርስ መዝጋቢው ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ፖሊሱ፣ «አባቴ፣ ከተመዘገበ በኋላ እኮ መልሰው ይወስዱታል፤ ሕጉ ይፈቅዳል» አላቸው።

«አልወስድም። ልጆቼ ከብት ይጠብቁበት ብዬ ነበር የገዛሁት። ትንሹን ልጄን ገደለብኝ።»

«ማን ነው የተኮሰው?»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ወደ ፖሊሱ ገፉት።

«ትልቁ ነው። ጠጥተው ተጣሉ። አሁን ጂንካ ታስሯል፤ እሱ ጋ እየሄድኩ ነው።» በብብታቸው የያዙትን ቅል አሳዩት። «እናታቸው ማር ልካለታለች።»