ዳቡስ ውስጥ የተውኩት ሰው

ይህን ነገር ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። የንስሐ አባቴ ጉልበት ስር ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይህችን ዘልዬ ተነሥቻለሁ። አሁን ለማላውቅህ ለአንተ እነግርሃለሁ። ፍረድብኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከወሎ ሰፋሪ በመኪና እየተጫነ አሶሳ ይራገፍ በነበረበት ዘመን። እኔ ምጽዋ ላይ ጠላቂ ነበርኩ። የሰመጠ መርከብ ሆድ ውስጥ ገብቼ ብረት እፈታለሁ፣ ገመድ አስራለሁ፤ በሥራዬም እኮራ ነበር። አንድ ክረምት፣ ዳቡስ ወንዝ ላይ የሰፋሪዎች የሞተር ጀልባ ሰምጧል፣ ሞተሩ ይውጣ ተባለና ከነአየር ሲሊንደሬ አሶሳ አጠገብ ወዳለችው ባምባሲ ተላክሁ።

ጀልባው የተገለበጠው እህልና ሰው ሲያሻግር ነው። ሌሎቹ ገመድ ተወርውሮላቸው ወጥተዋል። የጠፋው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሰይድ የሚባል የወሎ ገበሬ። ወንዙ ዳር ስደርስ ሚስቱ ዘሀራ ሴት ልጇን አዝላ ትጠብቀኝ ነበር።

«ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «ሞተሩን ስትፈልግ እሱንም ፈልግልኝ። ግራ እጁ ላይ ትንሿ ጣት የለችም፤ ማጭድ ወስዷታል። በዚያ ታውቀዋለህ። ሬሳውን እንኳ ባገኝ፣ አጥበን፣ ሰግደንበት እንቅበረው።»

«አይዞሽ፣ እዚያ ካለ አወጣልሻለሁ» አልኳት። ማን ቃል ግባ አለኝ? ራሴው ነኝ የገባሁት።

ገመዴን የያዘልኝ አብዱራሂም የሚባል የአገሩ ተወላጅ ነበር፤ የበርታ ሰው። ገመዱን ስነቀንቅ እንዲስበኝ ተስማምተን ገባሁ።

ቀይ ባሕር ሞቃት ነው፤ ብርሃንም አለው። ዳቡስ ግን በክረምት ጭቃ ነው። ጥቂት ወረድ እንዳልኩ የራሴ እጅ ጠፋኝ። ብርዱ መንጋጋዬን ያንገጫግጨው ጀመር። ጀልባውን በጎኑ ተኝቶ በዳበሳ አገኘሁት። ሞተሩን ፈትቼ፣ ሰዎች ከዳር ሆነው በሚስቡት ወፍራም ገመድ አሰርኩት። ከዚያ ቃሌ ትዝ አለኝና ከጣሪያው ስር ወደ ውስጥ ገባሁ። ያበጡ የእህል ጆንያዎች እየገፋሁ ስሄድ እጄ እጅ ነካ።

ጣቶቹን ዳበስኩ። ትንሿ የለችም።

ደረቱ ላይ ጆንያ ተጭኖታል። እኔ አየር ነበረኝ፤ ጊዜም ነበረኝ። ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ላወጣው እችል ነበር። ያም ቢቀር ክንዱ ላይ ገመድ አስሬ መውጣት እችል ነበር። ግን ጆንያውን ስነቀንቀው ውሃው እጁን ገፍቶ አንገቴ ላይ አሳረፈው። የያዘኝ መሰለኝ። ፈራሁ። እንደ ሕፃን ፈራሁ። ገመዴን ነቅንቄ ትቼው ወጣሁ።

ዳር ላይ የቆመው ካድሬ «ሰውየው አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩ።

ለምን አልኩ? ያ ሁሉ ሰው እንደ ጀግና እያየኝ «አለ፣ ግን ፈርቼ ተውኩት» ማለት አፍሬ ነው። አለ ካልኩ ደግሞ ተመልሰህ ግባ እባላለሁ። እኔ ያንን እጅ ዳግመኛ መንካት አልፈለግሁም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ካድሬው ወደ ሰዉ ዞሮ «እንግዲያው በግርግሩ ጠፍቶ ሄዷል። ይኼኔ ኩርሙክን አልፎ ሱዳን ሊገባ ነው» አለ። ያኔ ከሰፈራው ወደ ሱዳን የሚጠፋ ብዙ ነበርና ሁሉም አመነ። ዘሀራ ምን አደረገች መሰለህ? እግሬ ስር ወድቃ ጉልበቴን ሳመች። «አልሐምዱሊላህ! በሕይወት አለ!» አለች። እኔ ዝም ብዬ ተሳምኩ። ይህን ደስታ ለምን እነጥቃታለሁ፣ ዝም ማለቴ ቸርነት ነው አልኩ ለራሴ። አየህ፣ ውሸቴን ወዲያው ቸርነት ብዬ ሰየምኩት።

አብዱራሂም ገመዱን እየጠቀለለ ቀረብ አለኝ። «አንተ እዚያ የሆነ ነገር አይቷል» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ገመድ ብዙ ነቅንቋል።»

«ብርዱ ነው» አልኩት። አየኝና ሄደ። እኔም ተመስግኜ ወደ ምጽዋ ተመለስኩ።

ደርግ ሲወድቅ የባሕር ሥራዬም አበቃ። የጭነት መኪና ሹፌር ሆኜ የነቀምቴና የአሶሳን መንገድ ያዝኩ። አንድ ቀን ባምባሲ ገበያ ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ትኩር ብላ አየችኝ። ዘሀራ ነበረች። አወቀችኝ። ከጥላዋ ስር አስቀምጣ ማንጎ ልጣ ሰጠችኝ።

«ኩርሙክ ድረስ በእግሬ ሄጄ ነበር» አለችኝ። «ከድንበር የሚመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ፣ ሱዳን ሌላ አግብቷል አለኝ። የከዳተኛ ሚስት ብለው ስብሰባ ላይ አቁመው ሰድበውኛል፤ እሱ ግን አንድ ቃል አልላከም። ልጂቱም በስሙ አትጠራም፤ የአባቴን ስም ሰጠኋት። ሞቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ወንድምዓለም። ሞቶ ቢሆን አለቅስለት ነበር።»

ውሃ ውስጥስ ፈራሁ እንበል። ገበያ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምን አስፈራኝ? አፌን ከፈትኩ። «ማንጎሽ ይጣፍጣል» አልኳት። ይህን ብቻ አልኳት፤ ተነሥቼም መኪናዬን አስነሣሁ። ከዚያ በኋላ በባምባሲ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ገበያው ዞር ሳልል አልፍ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት አብዱራሂምን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ አርጅቷል። ዘሀራ መሞቷን ነገረኝ። ባሏን ይቅር ሳትለው ነው የሞተችው። ልጂቱ አግብታ እዚያው ባምባሲ አለች።

ነገ ወደ ቤቷ እሄዳለሁ። እንዲህ እላታለሁ፦ አባትሽ ሰይድ ጥሏችሁ አልሄደም። ዳቡስ ውስጥ፣ ከድሮው መሻገሪያ ስር ሞቶ በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ማውጣት እየቻልኩ ትቼው ወጣሁ፤ ለእናትሽም የለም አልኳት። ሰው ሰብስቢና ይሰገድለት። ከፈለግሽ ስሙን መልሰሽ ያዢው።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልላትም። ይቅር ልትለኝ ትችል የነበረችው ተቀብራለች። ልጂቱ ብትጮህብኝም፣ ብትረግመኝም፣ በሯ ላይ ቆሜ እሰማታለሁ።