እሳት የማይበላው ጨርቅ

እኔ ድሮም ቁጡ ነኝ። እናቴ «አንቺን ሳረግዝ ሚጥሚጣ ሳላበዛ አልቀረሁም» ትል ነበር። ግን ከባሌ ጋር የተፋታሁ ዕለት እንኳ ያ ደብዳቤ ሲነበብልኝ የተቆጣሁትን ያህል አልተቆጣሁም።

ሐምሌ ነበር። በሐምሌ የፎገራ ሜዳ መሬት አይደለም፣ ውሃ ነው። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ጭቃውን በበትር እየሞከርኩ ወረታ ደረስኩ። ደብዳቤው ከአስመራ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ መጥቶ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ተቀምጦልኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰውየው መነጽሩን አስተካክሎ አነበበልኝ፤ «የተጠቀሰው ሰው በፋብሪካችን በር ጠባቂ ነበር። እንፋሎት ክፍል ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ የሚገባው ካሣ የለም።»

«ድገመው» አልኩት። ደገመው። ያው ነው።

በር ጠባቂ! አባቴ አስመራ የሄዱት ከብቶቻችን በደስታ በሽታ አልቀው በረታችን ባዶውን በቀረበት ዓመት ነው። እኔ ያኔ ገና ድክ ድክ እላለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ፋብሪካ የእንፋሎት ቧንቧ ሲያለብሱ ኖሩ። ቧንቧው የነካውን እጅ ይልጣል፤ እንዳያቃጥል በነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ይጠቀለላል። ጥጥ አይደለም፣ ከድንጋይ የሚወጣ ቃጫ ነው። ጣልያኖቹ አሚያንቶ ይሉታል፤ ዛሬ የተማሩት አስቤስቶስ የሚሉት ማለት ነው። አባቴ ከጆንያ እየዘረገፉ በእጃቸው ይበጣጥሱታል፣ በውሃ ያቦኩታል፣ ቧንቧው ላይ ይመርጉታል። «ብናኙ ጤፍ የሚወቃበት አውድማ ነው የሚመስለው» ይሉኝ ነበር። «አውድማ ላይ ግን ነፋስ አለ፤ እዚያ የለም።»

በየሁለት ዓመቱ ለፋሲካ ስኳርና ነጠላ ይዘው ይመጡ ነበር። በመጨረሻ ሳል ብቻ ይዘው መጡ። ፋብሪካው «ደክመሃል፣ አገርህ ግባ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ እኔም ፈት ሆኜ ቤት ገብቻለሁ፤ ስለዚህ ሁለታችን ብቻ ሆንን። ከደጃፋችን እስከ ማሳው ጫፍ ለመድረስ ሦስቴ ይቆማሉ። ሲቆሙም ሰው እንዳያይባቸው ሰብሉን የሚመለከቱ ይመስላሉ።

ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኳቸው። እዚያ እያሉ ስለት ተሳሉ። ከፋብሪካው ይዘውት የመጡት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ከዚያው ከድንጋዩ ቃጫ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ። የእንፋሎት ክፍል ሰዎች እሳቱ እንዳይፈጃቸው ደረታቸው ላይ ያስሩታል። «ትንፋሼ ተመልሶ ለደብራችን ንግሥ ከደረስኩ፣ ለታቦቱ አስገባዋለሁ» አሉ። ፍል ውሃው ይሁን ዕረፍቱ እንጃ፣ ለንግሡ ትንሽ ቀለል ብሏቸው ደረሱ።

ያን ቀን የነበረ ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። አባቴ በሕዝብ ፊት ቆመው ጨርቁን በገዛ እጃቸው የተንቀለቀለ እሳት ላይ ጣሉት። ሰው «ኧረ ተው» አለ። ጨርቁ ጨሰ፣ ጠቆረ፣ ቀላ። በእንጨት ሲያወጡት ከገባበት ነጥቶ ወጣ። ሴቱ እልል አለ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እልል አልኩ። የደብሩ ገበዝ ጨርቁን ተቀብለው ወደ መቅደስ አስገቡት፤ ከዚያ ወዲያ ዲያቆናቱ የማዕጠንቱን ፍም የሚያመጡት በእሱ ይዘው ሆነ። አባቴን ከሽማግሌዎች መካከል አስቀመጧቸው። አሥራ አምስት ዓመት ከአገር የጠፉ ሰው ያን ቀን አገራቸው ገቡ።

ቅለቱ አልቆየም። በጥር ጎንደር ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ፣ ሳንባቸው በብናኝ ጠባሳ እንደሆነ፣ እንደማይመለስም ነገረኝ። ደግሞ ሥራው ያሳመመው ሰው ካሣ ይገባዋል የሚል ሕግ ወጥቷል አለና ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን እዚያው ጎንደር ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሰጠሁ። እነሱ ለፋብሪካው ጻፉ። ፋብሪካውም ያን «በር ጠባቂ ነበር» የሚል መልስ ይዞ መጣ።

ደብዳቤውን ይዤ ጎንደር ተመለስኩ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ወጣት ነው፣ ፀጉሩ በቅባት ተኝቷል።

«የሐኪሙ ወረቀት ሕመሙን እንጂ ሥራውን አይነግረንም» አለኝ። «አብሮት የሠራ ሰው አምጪ።»

«አንድ የይፋግ ሰው ነበር። አምና በዚሁ ሳል ሞተ።»

«የሞተ ሰው አይመሰክርም።»

«ሞቱስ አይመሰክርም?»

እስክሪብቶውን ከደነ። «እንግዲያው ከፋብሪካው የተሰጠው፣ ማኅተም ያለበት ነገር ካለ አምጪ። ጥቅምት ካለቀ ፋይሉ ይዘጋል።»

ለአባቴ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «ጨርቁ አለ አይደል! ጫፉ ላይ የፋብሪካው ማኅተም አለበት፣ ከሥሩም የእኔ ቁጥር። ለእንፋሎት ክፍል ሰው እንጂ ለሌላ አይሰጥም።» ደስ ሊለኝ ስል ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። «ግን ለታቦት የገባ አይወጣም» አሉ።

«አባባ፣ የሚያድንዎት መድኃኒት እንኳ ባይሆን የሚጦርዎት ነገር ነው!»

«የሰጠሁትን አልነጥቅም። ሌባ ሆኜ አልሞትም።»

እስኪ አሁን ይህ ይባላል?  የእሳቸውን አሥራ አምስት ዓመት የሰረቀው ሰው አስመራ ተንደላቆ ተቀምጧል፣ ሌባ እሆናለሁ ብለው የሚፈሩት እሳቸው! እሳቸውን ትቼ ገበዙን ያዝኩ። ሳል ያጣደፋቸውን ሰው ቤት ትቼ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እቆማለሁ። ገበዙ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ቃላቸው አንድ ነው። «ልጄ፣ የስለት ዕቃ ነው። ዛሬ ለአንቺ ባወጣ ነገ ሌላው በሬዬን መልሱልኝ ይለኛል።» እንዲህ ስንባባል መስከረም አለቀ። ሜዳው ጠፈፍ አለ፣ ሰው ሽምብራውን ይዘራል፣ እኔ ደጅ ላይ ነኝ።

አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝ። «አባ፣ ታቦቱስ ለጥምቀት ወጥቶ ይገባ የለም ወይ? ጨርቁ ከታቦቱ ይበልጣል?»

እዚያ የነበሩት ካህናት ደነገጡ።  ገበዙ ግን «ይዤው እሄዳለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ» አሉ። «አንቺ ግን አትነኪውም።»

ከወረታ በጭነት መኪና ተሳፈርን። ገበዙ ጨርቁን በመጎናጸፊያ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አኑረውታል። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ መኪናው ሲቆም «አባ፣ አንድ ጊዜ ገለጥ አድርገው ያሳዩኝ» አልኳቸው። «የመቅደስ ዕቃ በመንገድ አይገለጥም» አሉ። ስንት ነገር ስከራከር የኖርኩ ሴት እዚያች ላይ ዝም አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ይውጣ አይውጣ ስንባባል፣ መቅደስ ገብቶ ጫፉን ያየ አንድ ሰው የለም፤ እኔም እዩልኝ አላልኩም።

ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ወጣቱ ጨርቁን አገላበጠው፣ አራቱንም ጫፍ በጣቱ ተከተለ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ያዘው።

«ማኅተሙ የታለ?»

ገበዙ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እኛ ዘንድ ከገባ ጀምሮ እንዲሁ ንጹሕ ነው» አሉ። «የሰጡን ዕለት በሕዝብ ፊት በእሳት አነጹት። ምን ቀለም ተርፎበት!» ይህን የተናገሩት ኮራ ብለው ነው።

ያኔ ገባኝ። ያን ቀን የጨሰው ጨርቁ አልነበረም። የአባቴ ቁጥር ነበር።

ጸሐፊው ጨርቁን አጣጥፎ ለገበዙ መለሰላቸው። «ይህን ማንም ከየትም ያመጣዋል» አለኝ። እኔ ግን አልወጣሁም። «አሥራ አምስት ዓመት ያሠራ ፋብሪካ ማንን የት እንዳሠራ መዝገብ የለውም?» አልኩት። «ደሞዝ ሲቀንስ ቁጥሩን ያውቅ ነበር! ከፎገራ ጭቃ ተነሥቼ የእሱን መዝገብ እኔ ልያዝለት? እናንተስ ሄዳችሁ እንደማየት ፋብሪካው በር ጠባቂ ነበር ብሎ የጻፈውን ታምናላችሁ?» ጮህኩ። ከሌላው ክፍል ሰዎች መጥተው አዩኝ። ጸሐፊው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ ሕጉ ማስረጃ ይላል» ብሎ ፋይሉን በክር አሠረው።

በመንገድ ለአባቴ ላልናገር ለራሴ ማልኩ። ማኅተሙ አልታይ አላቸው እላለሁ፣ ጸሐፊው ክፉ ነው እላለሁ አልኩ። ቤት ስገባ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መተኛት ከተሳናቸው ቆይቷል።

«አዩት?» አሉኝ።

ይህ ቁጣዬ አይደል ጠላቴ። «ምኑን ያዩታል! ማኅተሙ ተቃጥሏል። ያን ዕለት እርስዎ ራስዎ ነዎት እሳት ውስጥ የጣሉት» አልኳቸው።

ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ብዙ ቆዩ። እኔ ያልኩትን መልሼ መዋጥ እፈልጋለሁ፤ አይዋጥም። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ ያለቅሳሉ ብዬም ጠበቅኩ።

«አዎን፣ እኔ ነኛ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ያን ዕለት እልልታሽን ለይቼ ሰምቼዋለሁ። ከሁሉም ያንቺ ይበልጥ ነበር።»

በኅዳር ሞቱ። ፍትሐቱ ላይ ዲያቆኑ ፍሙን ያመጣው በዚያ ጨርቅ ይዞ ነው፤ ነጭ እንደሆነ ነበር። ከዚያ ወዲህ እልል ብዬ አላውቅም። ኋላ ዳግም አግብቼ የወለድኳቸውን ልጆቼን ስድር እንኳ እልልታውን ጎረቤቶቼ አሉልኝ።