አያ ሙሄ ያሰሩት እግር

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተነሣሁ። መንገዱ ክፍት ነው ሲሉኝ አላመነታሁም። የምሄደው ሸዋ ሮቢት፣ እንድሪስን ልጠይቅ ነው። እንድሪስ የጡት ልጄ ነው፤ ድሮ እዚያ ስኖር እናቱ ታማ እኔ ነበርኩ ያጠባሁት። ቅዳሜ ዕለት በቻርጅ የምትሄደውን ሞተሩን ይዞ ሐዲድ ሲሻገር ባቡር ገጨው ብለው ደወሉልኝ። “የቱ ባቡር?” አልኩ። እዚያ ባቡር ሲያልፍ አይቼ አላውቅማ!

ጣርማበር ላይ ጉሙ መስተዋቱን ሸፈነው። ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና ስንወርድ ጋቢዬን አወለቅኩ፤ አርማንያ ላይ ሹራቤን። ከዚያ ወዲያ ወላፈኑ በመስኮት ይገባ ጀመር።

አራት ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት

አስፋልቱ ዳር ማንጎ ኪሎው ስልሳ ብር ነው። ሁለት ኪሎ ገዝቼ ባጃጅ ያዝኩ። ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ።

“ድሮም እንዲህ ታያላችሁ?” አልኩት።

“ኧረ የት! ማሾ እናሰጣበት ነበር እኮ እትዬ። ስንት ዘመን ዝም ብሎ ተኝቶ! ዝናብ መጣ ቢሉን እንሮጣለን እንጂ ባቡር መጣ ቢሉን ማን ይሰማል?” ሣቀና ወዲያው ሣቁን ዋጠው። “የእንድሪስ ቀን ጡሩንባውን ሁላችንም ሰምተናል። የአይሱዙ መስሎን።”

እንድሪስ ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ተጋድሟል።

“እማ፣ ጎማዋ ትንሽ ናት” አለኝ። “ሐዲዱና ጠጠሩ መሀል ተቀረቀረች። ሐዲድ የሚፈትሸው ባቡር ቀስ እያለ ነበር የሚመጣው። ዘልዬ ማምለጥ እችል ነበር፣ ወላሂ። እሷን ልጎትት ስል ገፍቶ እላዬ ላይ ጣላት።”

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ጣቶቹን ነካኋቸው። በዚያ ሙቀት በረዶ ናቸው፤ ጠቁረዋል።

“ይሄ ይፈታ! አሁኑኑ ሐኪም ቤት!” አልኩ።

ሚስቱ ዘምዘም እንባዋ መጣ። “ሐኪሞቹማ የዚያን ዕለት ወደ ደብረ ብርሃን ጽፈውለት ነበር። ይቆርጡታል ብለን ፈርተን ወጌሻ ጠራን። ያሰሩት አያ ሙሄ ናቸው፤ የወጌሻን እስር ካሰረው እጅ ሌላ ከፈታው አጥንቱ አይገጥምም። እሳቸው ደግሞ ጀውሃ ሄደዋል። ጁምዓ ይመለሳሉ።”

አባቱም ጎረቤቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ይህንኑ ስሰማ ነው ያደግኩት። እጄን ሰበሰብኩ። “እንግዲያው ጀውሃ ሄጄ አመጣቸዋለሁ” ብዬ ተነሣሁ።

ጀውሃ

የጭነት መኪና ከሚቆምበት ሻይ ቤት ጀርባ፣ የአንድ ሾፌር ትከሻ እያሹ አገኘኋቸው።

“አያ፣ የእንድሪስ ጣት ቀዝቅዟል።”

እጃቸው ቆመ። “ጠቁሯል?”

“ጠቁሯል።”

ጫማቸውን በወጉ ሳያጠልቁ የመጣሁበት ባጃጅ ውስጥ ገቡ። መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው።

“ቢስሚላህ” ብለው ሲፈቱት ሰባት ሰዓት ሆኗል። አያ ሙሄ እግሩን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

“አጥብቄዋለሁ” አሉ። “ሲያብጥ እስሩ እንደሚያንቀው እያወቅኩ ትቼው ሄድኩ። ቶሎ ውሰጂው፣ ልጄ።”

“እርስዎስ?”

“ያበላሸሁትን ትቼ የት እገባለሁ?”

በኮንትራት ሚኒባስ ዳገቱን ስንወጣ እግሩን እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። እንድሪስ “አያ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? ሞተሯን ያልለቀቅኩ እኔ!” እያለ ያጽናናቸዋል።

ደብረ ብርሃን

አስር ሰዓት ላይ ደረስን። ወጣቱ ሐኪም እስሩ መቼ እንደተፈታ ጠየቀኝ።

“ሰባት ሰዓት።”

“ጠዋት ተፈትቶ ቢሆን ምናልባት…” አለና ተወው።

በማግስቱ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

አምስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ጎረቤት ሁሉ ስለ ባቡሩ ይጠይቀኛል። ባቡር አይመጣም ብላችሁ ሳታዩ ሐዲድ አትሻገሩ፤ ሞተሩ ከተቀረቀረ ጥላችሁ ዝለሉ እላለሁ። ስለ እኔ የሚጠይቅ የለም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀስ ከቦርሳዬ አይለይም። ያን ዕለት ጠዋት፣ እንድሪስ አልጋ አጠገብ እጄን ስሰበስብ፣ ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነበር።