ለካሮቱ የመጣው የከሰል ብናኝ

ፍግ በበዛ ቁጥር ካሮት ያምራል ይባላል። አያምርም። ትኩስ ፍግ ላይ የበቀለ ካሮት እንደ ሱሪ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚያምረው ቅጠሉ ብቻ ነው። እናቴ አዲስ ቅዳም ከተማ ባለው ጓሮዋ የከረመ ፍግ ከከሰል ብናኝ ጋር ትቀላቅላለች። ድርቅ ያለው ቀይ አፈራችን ይላላል፤ ካሮቱም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ብናኙን የሚሰጣት ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ የሚያከስለው ጎረቤቷ ነው፤ ክምሩን አፍርሶ ከሰሉን ሲለቅም ከሥር የሚተርፈውን።

ባለፈው ክረምት ከዳንግላ ልጠይቃት ሄድኩ። ከሚኒባሱ ስወርድ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። በሯ ተዘግቷል። እናቴ ደግሞ በቀን በር የምትዘጋ ሴት አይደለችም። ደጋግሜ ጠራኋት። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

ምድጃው ላይ እሳት የለም፣ ቤቱም አይጨስም። ጥግ ላይ አንድ ኬሻ ቆሟል። እናቴ አልጋዋ ላይ ተዘርራለች።

«ራሴን...» አለች። ቀጥሎ ያለችው አገውኛም አማርኛም አልነበረም።

ስለ ሞት ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። አንዱም ያኔ ምን እንደማደርግ አልነገረኝም። አቅፌ ዝናቡ ላይ አወጣኋት። ተመልሼ ኬሻውን ስጎትተው ላዩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሥሩ ግን ሲተረተር ውስጡ ቀልቶ ታየኝ።

ጩኸቴን ሰምቶ ጎረቤቷ ሮጦ መጣ። ብናኙ ውጭ ይደር ብሏት እንደነበር ነገረኝ። እሷ ግን ከላይ ዳስሳ ቀዝቅዟል ብላ፣ ዝናብ እንዳይወስድባት አስገብታው ኖሯል። የታፈነ ከሰል ጭሱን ሳያሳይ ይገድላል አለ። ይህን የተናገረው እጇን እያሻሸ፣ ዐይኔን ሳያይ ነው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም፤ ባጃጅም በዚያ ጭቃ አይወጣም። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ ትንፋሿን ስጠብቅ፣ የበረዶው ድምፅ ትንፋሿን ይውጥብኝ ነበር።

በመጨረሻ አስመለሳት። ዐይኗን ገልጣ ጓሮውን አየች።

«ብናኙን ደፋኸው?»

«እማ፣ ብናኙ ገደል ይግባ።»

«ለአንተማ ምን ቸገረህ፤ ካሮት ከገበያ ነው የምትበላው።»

ጎረቤቷ ሳቀ። እኔ አልቻልኩም፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ዛሬም ደውዬ ስልኩን ቶሎ ካላነሳች ያው መንቀጥቀጥ ይመለስብኛል።

ቤትህ ጥግ የቆመ የከሰል ብናኝ ካለ ይህን ማንበብህን ተው። ተነስና አውጣው።