ጄኖዋ ወደብ ላይ እልል ያልን ቀን

ነፋስ የበረታ ቀን ከሥራ ስወጣ በሐይቁ ዳር መሄድ አልወድም። እዚያ የታሰሩት ጀልባዎች ገመዳቸው ከብረት ምሰሶው ጋር እየተጋጨ ቅጭል ቅጭል ይላል። ትናንት ግን ትራም አመለጠኝና በዚያው አለፍኩ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ያቺ ጠዋት ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች።

ያኔ ሁለታችንም ሃያዎቹን አላገባደድንም። እኔ ጄኔቭ፣ ኦኔ የሚባል ሰፈር፤ ጓደኛዬ ደግሞ ዙሪክ። አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፤ ከእሷ ቤት በልቼ ከእኛ ቤት የምተኛበት ጊዜ ይበዛ ነበር። በዚያ ዓመት እናቶቻችን ሁለቱም ታመዋል፤ የእኔ በኩላሊት፣ የእሷ በልብ። ለመስከረም አብረን አገር ቤት ልንገባ ትኬት ቆርጠናል። የእሷ ባል ዙሪክ ተወልዶ ያደገ ረጅም፣ ዝምተኛ ፈረንጅ ነው። ከወንድሙ ጋር በጋራ የገዛት ባለ ሸራ ጀልባ ነበረችውና፣ ከዚያ በፊት ሜዲትራኒያንን ካላሳየኋችሁ አለ። መሄዱ ከብዶኝ ለእናቴ ብደውል፣ "ሂጂ እንጂ! አይተሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ" አለችኝ።

ባሕሩማ ምን ልበልሽ! መጀመሪያ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወከኝ፤ ጓደኛዬ ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች። በኋላ ለመድኩት። ፀሐይ የመታው ሸራ ሽታ፣ ከንፈር ላይ የሚቀረው ጨው፣ ነፋሱ ሸራውን ሲሞላው የጀልባዋ ዘንበል ማለት፣ ሁሉም ደስ ይል ነበር። ሰርዲኒያ ስንደርስ የዙሪክ ጓደኞቻችን መጥተው ሊያገኙን ተቀጣጥረናል።

ኮርሲካ ውሃ ልንቀዳ ስንቆም ባሏ ከጀልባዋ ወርዶ ስልክ ሲያወራ ቆየ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኗል። ባትሪ ደክሟል ብሎ ስልኮቻችንን ሰበሰበ። ጓደኞቻችን ሐሳብ ስለቀየሩ የምንገናኘው ጄኖዋ ነው፣ በጠዋት መድረስ አለብን አለ። ለምን በጠዋት ብንለው በነፋሱ አሳበበ። ይኼ ሰው ደግሞ መዋሸት አያውቅበትም፤ ጆሮው ይቀላል። እኛ ሆዬ፣ ልደቷ ደርሶ ነበርና ድግስ ደብቀው አዘጋጅተውላት ነው ብለን ተጠቃቀስን።

ጄኖዋ ስንቃረብ ተኳኩለን፣ ያለንን ደማቅ ቀሚስ ለብሰን ጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆምን። ጓደኞቻችን ወደቡ ላይ በመደዳ ቆመዋል። እሷ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተቀበልኳት። ከወደቡ ግን የመለሰልን ሰው የለም፤ እጁን ያነሳ እንኳ የለም።

ጠጋ ስንል ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ ማሰራቸውን አየሁ። ከፊት የቆሙት እዚህ ስዊስ ያለው የአበሻ ማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ያን ያህል መንገድ የሚሄዱት ለመርዶ ብቻ ነው። መቼም እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ፊት ለፊት ነው። ባሏ ይኼ ጭካኔ መስሎት እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ግን ጓደኞቻችን በስልክ ለምነውት እሺ ብሏል።

እልልታው አፋችን ላይ ቀረ። መርዶ መሆኑን ሁለታችንም አወቅን፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቅንም። እጄን ጨመቀችኝ፤ ጨመቅኳት። "የማናችን እናት ናት?" ብላ ባሏን በጀርመንኛ ጠየቀችው። "ቃል ገብቻለሁ" አለና መሪውን እንደያዘ አለቀሰ።

ጀልባ ወደብ ስትጠጋ እንዴት እንደምትዘገይ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያን ጊዜ ምን እንደጸለይኩ ለራሴም አልለይልኝ ይላል። የእኔን ተዋት ማለት የእሷን ውሰድ ማለት ነው። የእሷ እናት ደግሞ ያሳደጉኝ ናቸው። ጀመርኩ፣ ተውኩ፣ እንደገና ጀመርኩ።

ገመዱ ታሰረ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ ጀልባዋ ተሻገሩ፤ እሷን አልፈው እኔ ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ ጠንከር በይ" አሉኝ።

አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ በረጅሙ ተነፈሰች። እፎይ አለች። ሰማኋት። ወዲያው ደግሞ ከእኔ ቀድማ ጮኸች፤ ደረቷን እየደቃች "እማምዬ" ብላ እናቴን ጠራቻት። ከዚያ ሁሉ ሰው እንደ እሷ ያለቀሰ አልነበረም፤ ለይምሰል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግራ የሚያጋባኝም ይኼው ነው።

እናቷ ዛሬም አሉ። እሁድ እሁድ ለእሷ ከመደወላቸው በፊት ለእኔ ይደውላሉ፣ በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ ይሉኛል። ስለዚያች ትንፋሽ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ ብሆን ያው እፎይ እል ነበር እላለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ በፍጹም አልልም እላለሁ። ከዙሪክ ልትጠይቀኝ መጥታ ምሳ በልተን፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትተነፍስ እሰማታለሁ። ያኔ ቀስቅሼ ልጠይቃት እነሳለሁ። አጠገቧ ስደርስ እግሯ ተገልጦ አገኘዋለሁ፤ ብርድ ልብሱን አልብሻት እመለሳለሁ።