በክዳን የተለካ ውሃ

ጁባ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የጨረር ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ላዶ ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ፤ ጨረሩ በየት ገብቶ የቱን እንደሚመታ፣ የቱን ሳይነካ እንደሚያልፍ ማቀድ ነው ሥራዬ። አዲስ አበባ ሳለሁ ፊኛውን፣ አንጀቱን፣ አጥንቱን ሲቲ ስካኑ ላይ አንድ በአንድ በማውዝ እየከበብኩ ነበር የምሠራው። እዚህ ግን ከብዙ ሕመምተኞች ምስል የተማረ ፕሮግራም አለ። ቁልፉን ሲጫኑት የአካል ክፍሎቹን ራሱ ሥሎ፣ የጨረሩን መጠን አከፋፍሎ ዕቅዱን ያቀርባል።

ሳላስበው አማተብኩ።

«ሶፍትዌሩን ነው የምትባርኪው ወይስ እኔን?» አሉ ዶክተር ላዶ።

«ሁለታችሁንም» አልኳቸው።

ቴክኒሻናችን ኛቦል ፕሮግራሙን «ተማሪው» ትለዋለች። ጋምቤላ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። «ተማሪው ጨርሷል፣ አርሚለት» ትለኛለች። አብዛኛውን ጊዜ የማርመው አላገኝም። እረፍት የሚነሳኝም ይኸው ነው። የፈረምኩበትን ዕቅድ ተመልሼ እከፍታለሁ። ክፍሉ ካለበት ከቶንፒንግ ሰፈር ወደ ቤቴ ስሄድ እንኳ የአንዱ ሰው አንጀት ፊቴ ድቅን ይላል። ዶክተር ላዶ ደግሞ በመስኮቱ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር የተቀመጡትን ሰዎች ያሳዩኛል። «እነዚያ ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቁት። አንቺ ስታመነቺ ይመሻል።»

እትዬ አስካለ አማራት ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው። የማሕፀን በር ካንሰር ይዟቸው መጡ። ለዚህ ሕክምና ፊኛ መሙላት አለበት፤ የሞላ ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ያስወጣዋል። ስለዚህ ከስካኑም ከየዕለቱ ሕክምናም በፊት ውሃ ይጠጣል። ስካን ሲነሡ ፊኛቸው ሙሉ ነበር። ተማሪው ያወጣው ዕቅድ አማረ፤ ፈረምኩ።

ሕክምናው ሲጀመር ዐቢይ ጾም ገባ። ኛቦል በየጠዋቱ «እትዬ፣ ጠጥተዋል?» ትላቸዋለች። «ጠጥቻለሁ ልጄ» ይላሉ። ከጨረሩ በፊት በሚነሣው ምስል አጥንቱ ከዕቅዱ ጋር ይገጥማል፣ ፕሮግራሙ አጥንቱን ብቻ አይቶ አረንጓዴ ያበራል፣ ጨረሩ ይሰጣል።

የሳምንቱን ምስሎች ስከፍት ፊኛው ተሸብሽቦ አየሁት። አንጀቱ ወርዶ ቦታውን ይዟል። በዚህ ከቀጠልን አንጀታቸው ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ደግሞ ሕክምናው ይቋረጣል። ዕጢው ግን አይጠብቀንም።

ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠጥተዋል?»

«ጠጥቻለሁ አልኩ እኮ።»

«ምን ያህል?»

«በክዳኑ።»

«በምኑ ክዳን?»

«በጠበሉ ነዋ። እህቴ በላስቲክ ጠርሙስ ልካልኝ፣ እንዳያልቅብኝ በክዳን እየለካሁ ነው የምጠጣው።»

ኛቦል ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ውሃ ነው የጠየቅኩዎት። ለታመመ ሰው ይፈቀድ የለም እንዴ?»

«ለሌላው ይፈቀድ። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይወርድልኝም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ዛሬ ቀምሰሻል?»

«አልቀመስኩም።»

«ታዲያ?»



ሰዓታቸው ከዘጠኝ በኋላ እንዲሆን ዶክተር ላዶን ለመንኩ። አልተስማሙም፤ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ይደክማል፤ ማሽኑ ከተበላሸ ኒሙ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ነው። «በባዶ ፊኛ አዲስ ዕቅድ ይውጣላቸው» አሉኝ። «ፕሮግራሙ እያለ ምን አስጨነቀሽ? ማፊ ሙሽኪላ።» ችግር የለም ማለታቸው ነው።

እትዬ አስካለን እንደጾሙ ስካን አነሣናቸው። ቁልፉን ተጫንኩ። ተማሪው አንጀቱን ፊኛ ብሎ ከበበው። የተማረው ጠጥተው ከመጡ ሰዎች ብቻ ነው። በእጄ አርሜ እንደገና አቀድኩ፤ እንዴትም ባደርገው አንጀቱ ላይ የሚያርፈው ጨረር ከልኩ አለፈ። የድሮውንና የአዲሱን ዕቅድ ለዶክተር ላዶ ጎን ለጎን ከፈትኩላቸው።

ሁለቱን ደጋግመው አመሳከሩ። የእትዬ አስካለንም ሆድ መርምረው ነበር፤ ገና የከፋ ጉዳት አልደረሰም። «ከሰዓት ይሁኑ» አሉ በመጨረሻ። «ማቀዝቀዣው ጋ ግን አንቺ ትቀመጫለሽ።»

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ አስካለ አማትበው የውሃውን ጆግ አነሡ። ለራሳቸው ቀዱ፤ ሳልጠይቃቸው ለእኔም ቀዱልኝ። ቆመን ጠጣን። ከዚያ እሳቸው ፊኛቸው እስኪሞላ፣ እኔ ማቀዝቀዣውን እያዳመጥኩ ጠበቅን። ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር ዳዊቴን አቋርጬ እነሣለሁ። አልቆመም። ምስሉ ሲወጣ አንጀቱ ከጨረሩ መንገድ ወጥቶ ነበር።

ሕክምናቸው እስኪያልቅ እንዲሁ ተቀመጥኩ። አንድም ቀን ተረጋግቼ አልተቀመጥኩም።

ኛቦል አሁን «ምን ጠጡ? በምን ጠጡ?» ነው የምትለው። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡም የማስተላልፈው ይኸንኑ ነው። ጠጥተዋል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ምን ጠጡ በሉ።