ባቡር የሚታይበት ቦታ

በእኛ ቆቦ ቆላ ጎርፍ የሚመጣው ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ነው። ደጋው ላይ ዘንቦ እኛ ጋ ይወርዳል። ወደ ማሳ ጠልፎ ለማስገባት ወንዙ ዳር ቀድሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የት ሆኖ እንደሚጠበቅ ደግሞ አባቴ ያውቅበት ነበር።

ዓይኑን ሊታከም ወልድያ ይዤው የሄድኩ ቀን፣ የመመለሻችን መኪና እስኪሞላ ለባቡር ወደተደለደለው አፈር ውሰደኝ አለኝ። ከፍ ያለውን ቦታ ሁሉ ትቶ፣ የተደለደለው አፈር ከሚታጠፍበት አጠገብ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበል ድንጋይ መረጠ።

“እዚህ ሳይታይ ይሰማል” አለ።

“አባ፣ ባቡሩ እኮ አልመጣም። ሐዲዱም አልተዘረጋ።”

“ጎርፍ ከመጣ በኋላ ቦታ የሚፈልግ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?”

ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። መኪናው ሞልቶ እስኪጠሩን ድረስ ጆሮውን ከነፋሱ አላነሳም።

እሱ ካረፈ ወዲህ ወልድያ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ጎራ እላለሁ። በቀደም ድንጋዩ ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። ምን እንደሚጠብቁ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁኝ ጠጋ አሉልኝ።